እርሳስን ከአየር ያወጣው የክሌር ፓተርሰን የሕይወት ታሪክ

በነቀምት ከተማ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር ማለዳ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ የመኪና ጭስ ሳይቀምስ ከክፍሉ አይደርስም። ከተማችን የመንገዶች መገናኛ ናትና ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ጊምቢና ወደ አሶሳ፥ ወደ በደሌና ወደ ጅማ፥ እንደዚሁም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚሄደው የጭነት መኪናና አውቶቡስ በመካከሏ ያልፋል። በዚህም ላይ የባጃጁ ብዛት ተጨምሮበታል። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ባለፈው የበጋ ወራት ሁለት ነጫጭ ጨርቆች ወስደን አንዱን በአስፋልቱ በኩል ባለው መስኮት ላይ፥ ሁለተኛውን ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀልን። ሳምንት ቆይተን ባወረድናቸው ጊዜ የኋለኛው የቀይ አፈር አቧራ ብቻ ይዞ ቀላ ብሎ ተገኘ፤ የመንገዱ ግን ጠቁሮ ነበር፤ በጣትም ሲነኩት ቅባት ቅባት ይላል።

መምህራችንም ያ ጥቁር ነገር ጥላሸት ብቻ አለመሆኑን አስረዱን። በውስጡ ከፍሬን ሸራ የተፋቀ መዳብና አንቲሞኒ፥ ከጎማና ከሞተር ዘይት የወጣ ዚንክ፥ ከሞተሩ ብረቶች የተበላ የብረት ደቃቅ ይገኛል፤ ቀድሞ ደግሞ ከሁሉ የከፋው እርሳስ በብዛት ይገኝበት ነበር። እነዚህ ማዕድናት መጠናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በገበያ ሚዛን አይመዘኑም፤ ነገር ግን ከጠጕራችን ውፍረት 30ኛ እጅ በማይሞላ ብናኝ ላይ ተሳፍረው እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባሉ። እኛም እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር መዝኖ ለዓለም ያሳየ ማነው ብለን ብንጠይቅ ክሌር ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ መሆኑን ተረዳን። የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ በየዓመቱ ሲጻፍ አይተናልና፥ ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት በሚዛኑ ብቻ የታገለውን ሰው ታሪክ መርጠን አቀረብን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል ልናስረዳ ይገባናል። በእጃችን ይዘነው የምንጽፍበት እርሳስ ስሙ እንጂ ነገሩ እርሳስ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ወገን ስለሆነ ከዚህ መርዝ ንጹሕ ነው። እውነተኛው እርሳስ ለባትሪና ለጥይት የሚሆነው ከባድና ለስላሳ ብረት ነው። ይህ ብረት ወደ ሰው ደም ሲገባ ነርቭንና አእምሮን ይጎዳል፤ ይልቁንም ገና በማደግ ላይ ያለውን ሕፃን ያጠቃል።

ክሌር ካሜሮን ፓተርሰን በ1922 ዓ.ም. ሰኔ ወር መባቻ በአሜሪካ አገር፥ በአዮዋ ክፍል፥ ሚቸልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቱ ደግሞ ለትምህርት የምታስብ ሴት ስለነበረች በአካባቢው የትምህርት ቤት ቦርድ ውስጥ ታገለግል ነበር። ልጅዋ ለነገር ምርምር ያለውን ዝንባሌ አይታ ትንሽ የኬሚስትሪ ዕቃ ገዝታ ሰጠችው። እርሱም በዚያ ዕቃ እየቀላቀለና እያፈላ ሲጫወት አደገ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሊቅነቱ መሠረት የተጣለው በዚያች ትንሽ ሣጥን እንደ ሆነ ይታወቃል። ከእናንተ መካከል ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ግሪኔል በሚባለው ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1943 ዓ.ም. ተመረቀ። የወደፊት ሚስቱን ሎርናንም ያገኛት በዚሁ ኮሌጅ ነው። በሚከተለው ዓመት ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ተቀበለ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለነበረ ባልና ሚስቱ ሁለቱም የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በምሥጢራዊው ሥራ ላይ ተመደቡ። ፓተርሰን በቴኔሲ ክፍል፥ ኦክ ሪጅ በተባለ ስፍራ፥ አንዱን የዩራኒየም ዓይነት ከሌላው የሚለየውን ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ መጠቀም ተማረ። ይህ መሣሪያ አቶሞችን እንደ ክብደታቸው የሚለይ ሚዛን ነው። ቦምቡ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ ከወደቀ በኋላ ግን የሠራው ሥራ ኅሊናውን እንደ ከበደው ተናግሯል። ለጦርነት የተማረውን ሚዛን ከዚያ ወዲያ ለሰላም ሥራ አዋለው።

ጦርነቱ እንዳለቀ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ሐሪሰን ብራውን በሚባል ሊቅ ሥር ለዶክተርነት ማጥናት ጀመረ። ብራውን የሰጠው ጥያቄ ምድር ስንት ዓመቷ ነው የሚል ነበር። መንገዱም ይህ ነው። ዩራኒየም በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ እየተለወጠ እርሳስ ይሆናል፤ የመለወጡም ፍጥነት የማይዛነፍ ስለሆነ እንደ ሰዓት ያገለግላል። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ዩራኒየምና እርሳስ መዝኖ የድንጋዩን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። ጓደኛው ጆርጅ ቲልተን ዩራኒየሙን እንዲመዝን፥ ፓተርሰን እርሳሱን እንዲመዝን ሥራውን ተካፈሉ። ብራውንም ሥራው ቀላል መስሎት ነበር።

ነገር ግን ቀላል አልሆነም። የቲልተን ቁጥሮች በትክክል ሲገጥሙ የፓተርሰን ቁጥሮች በየጊዜው እየተለዋወጡ አስቸገሩት። በድንጋዩ ውስጥ ሊኖር ከሚገባው እጅግ የበዛ እርሳስ ያገኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር፤ ወይም የተመቸውን ቁጥር መርጦ ይጽፍ ነበር። ፓተርሰን ግን የተበላሸው ምን እንደ ሆነ ከሥሩ ሊፈልግ ቆርጦ ተነሣ። ውሃውን መረመረ፥ እርሳስ አገኘ። ብርጭቆውን መረመረ፥ እርሳስ አገኘ። ኬሚካሉን፥ አቧራውን፥ የግድግዳውን ቀለም፥ የገዛ ቆዳውንና ጠጕሩን ሳይቀር መረመረ፤ በሁሉም ላይ እርሳስ አገኘ። እርሳሱ ከድንጋዩ ሳይሆን ከሚሠራበት ቤት የመጣ ነበር። ይህን በማወቁ ብቻ ብዙ ዓመት አለፈበት፤ የዶክተርነቱን ማዕርግ ያገኘው በ1951 ዓ.ም. ነው።

በ1952 ዓ.ም. ከመምህሩ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲዛወር እንደ ልቡ የሚሠራበት አዲስ ላቦራቶሪ አገኘ። የእርሳስ ቧንቧዎችን አስነቀለ፤ በእርሳስ የተበየደውን የኤሌክትሪክ ገመድ አስለወጠ። ወደ ክፍሉ የሚገባው አየር እንዲጣራ፥ የክፍሉ አየርም ወደ ውጭ እንዲገፋ እንጂ የውጭው እንዳይገባ አደረገ። ዕቃው ሁሉ በአሲድ ይታጠባል፤ ውሃው ደጋግሞ ይጣራል፤ የሚገባው ሰው ልዩ ልብስ ለብሶ፥ ጠጕሩን ሸፍኖ ይገባል። ወለሉም ሳይታክት ይጸዳል። ዛሬ በየአገሩ ያሉት እጅግ ንጹሕ ላቦራቶሪዎች ይህን አርአያ የተከተሉ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ቢያየው ስለ ንጽሕና ያበደ ይመስለው ነበር፤ ነገር ግን ያለዚያ ንጽሕና እውነቱ አይገኝም ነበር።

በመጨረሻ በአሪዞና በረሃ ከወደቀ፥ ካንየን ዲያብሎ ከተባለ የሰማይ ብረት ውስጥ እርሳሱን ለይቶ በ1953 ዓ.ም. በአርጎን ላቦራቶሪ መዘነው። ይህ ብረት ከምድር ጋር በአንድ ዘመን የተፈጠረ፥ ዩራኒየም ግን የሌለበት ያህል ስለሆነ፥ በፍጥረት መጀመሪያ የነበረውን እርሳስ ሳይለወጥ ጠብቆ ኖሯል። ፓተርሰን ከሌሎች የሰማይ ድንጋዮች ጋር አስተያይቶ የምድር ዕድሜ 4 ቢሊዮን 550 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን አወቀ፤ በ1956 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍም ስሕተቱ ከ70 ሚሊዮን ዓመት እንደማይበልጥ ገለጸ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ቁጥሩ በእጁ በገባ ጊዜ ደስታው ከመጠን ስላለፈ ወደ እናቱ ቤት ሄዶ ልቡ የቆመ መስሎት ሐኪም ቤት ውሰጂኝ እንዳላት ይተረካል።

ሌላ ሰው በዚህ ክብር ረክቶ ይቀመጥ ነበር። ፓተርሰን ግን ዕረፍት የነሣው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ይኸውም ላቦራቶሪውን ያቆሸሸው እርሳስ ከወዴት መጣ የሚለው ነው። ዋናውም ምንጭ በመንገድ ላይ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ቶማስ ሚጅሊ የሚባል መሐንዲስ ቴትራ ኤቲል የተባለውን የእርሳስ ውሁድ ከቤንዚን ጋር ቢቀላቅሉት ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው አገኘ። በ1923 ዓ.ም. ቤንዚኑ ለገበያ ቀረበ። በሚከተለው ዓመት ውሁዱ በሚሠራበት በኒው ጀርሲ ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች በመርዙ አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሽያጩ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ገና ተፈቀደና ከዓለም ዳር እስከ ዳር ተሠራጨ። ከእያንዳንዱ የቤንዚን መኪና ጭስ ማውጫ እርሳስ በደቃቅ ብናኝ መልክ እየወጣ በነፋስ ተበተነ።

ፓተርሰን ይህን በግምት ሊናገር አልወደደም፤ ሊመዝን ወደ ባሕር ወረደ። ከጓደኞቹ ጋር የውቅያኖስን ውሃ ከላይም ከጥልቁም እየቀዳ ቢመረምር ከላይኛው ውሃ የሚገኘው እርሳስ ከጥልቁ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከላይ ያለው ውሃ ወደ ጥልቁ ለመውረድ ብዙ ዘመን ይፈጅበታልና ይህ እርሳስ በቅርብ ዘመን ከአየር የወረደ መሆኑ ታወቀ። ከዚያም ወደ በረዶ ምድር ሄደ። በግሪንላንድ በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ ፕላስቲክ ልብስ ለብሰው፥ መጋዛቸውን በአሲድ አጥበው፥ የጥንቱን በረዶ እየቈረጡ አወጡ። በ1969 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከክርስቶስ ልደት 800 ዓመት በፊት ከወረደው በረዶ ይልቅ በ1965 ዓ.ም. በወረደው ውስጥ ያለው እርሳስ ከ200 እጥፍ በላይ ነበር፤ ከሁሉ የፈጠነውም ጭማሪ ከ1940 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ነው። መኪና በማይደርስበት፥ ሰው በማይኖርበት በረዶ ላይ የከተማ መኪና ጭስ ተጽፎ ተገኘ።

ውጤቱ ሁሉ ታትሞ ሳያልቅ ገና በ1965 ዓ.ም. ፓተርሰን የሰውን አካል የሚመለከት ጽሑፍ አወጣ። በዚያ ዘመን የነበረ አሜሪካዊ በሰውነቱ ውስጥ የተሸከመው እርሳስ በተፈጥሮ ሊኖረው ከሚገባው 100 እጥፍ ያህል እንደ ሆነ አሰላ። ከዚህ በፊት ሰዎች በደማቸው ያለውን እርሳስ የተፈጥሮ ነገር ነው ይሉ ነበር። ፓተርሰን ግን ሁሉ ሰው ስለ ታመመ በሽታው ጤና ሊባል አይገባም ብሎ ተከራከረ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውል፤ የሁሉም ልብስ ከቆሸሸ እድፍ የጨርቁ ቀለም ይመስላል።

ከዚህ ቀን ጀምሮ መከራ ደረሰበት። ከአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ለምርምሩ ይቀበለው የነበረው ገንዘብ ቆመ፤ ከመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ጋር የነበረውም ውል አልታደሰም። በሌላው ወገን ሮበርት ኪሆ የሚባል ስመ ጥር ሐኪም ቆሞ ነበር። ኪሆ ምርምሩን የሚሠራው ከእርሳስ ቤንዚኑ ባለቤቶች በሚያገኘው ገንዘብ ሲሆን፥ ከ40 ዓመት ያላነሰ ጊዜ በአገሩ ስለ እርሳስ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚሰማው እርሱ ነበር። እርሳስ በሰው ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ከተወሰነ መጠን በታችም አይጎዳም ይል ነበር። በ1966 ዓ.ም. ሁለቱም በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። ፓተርሰን በንግግር የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ ቁጣውንም መሸፈን አይችልም ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ንጹሕ ነበረ። ሌሎች የመዘኑት በቆሸሸ ዕቃ ስለ ሆነ የድንጋዩንና የእጃቸውን እርሳስ መለየት አልቻሉም ነበር።

ሆኖም እውነት ቶሎ አልተቀበሉትም። በ1971 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በአየር ላይ ስላለው እርሳስ የሚያጠና ጉባኤ ባቆመ ጊዜ ከማንም ይልቅ ነገሩን የሚያውቀው ፓተርሰን ሳይጠራ ቀረ። እርሱ ግን ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ መመዘኑን ቀጠለ። በፔሩ አገር 1600 ዓመት ከመቃብር ውስጥ የቆየ የሰው አፅም ከዘመኑ ሰው አጥንት ጋር አስተያይቶ በዘመኑ ሰው ላይ ያለው እርሳስ ብዙ መቶ እጥፍ ሆኖ አገኘው። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ቱና የሚባለውን ዓሣ መረመረ፤ ከባሕር እንደ ወጣ ካለው ይልቅ በእርሳስ በተበየደ ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገው ከ4 ሺህ እጥፍ በላይ እርሳስ ነበረበት። ቀድሞ ይህን ልዩነት ማንም አላየውም ነበር፤ የሌሎቹ ላቦራቶሪዎች አቧራ ሸፍኖት ነበርና።

በዚሁ ዘመን ሌሎች ሊቃውንትም በየፊናቸው ረዱት። በ1979 ዓ.ም. ኸርበርት ኒድልማን የሚባል የሕፃናት ሐኪም ከተማሪዎች የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስቦ መረመረ። በጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች የታመሙ ባይመስሉም በትምህርት ክፍል ውስጥ ትኩረታቸውና የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ። እኛ ተማሪዎች ይህን ባነበብን ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘብን። ስለ በረዶና ስለ ባሕር ሲወራ የሩቅ አገር ነገር ይመስል ነበር፤ በእርሳስ ጭስ የተነሣ ግን አንድ ልጅ ጥፋቱ ሳይኖርበት ሰነፍ ተብሎ ሊጠራ እንደሚችል አወቅን።

እዚህ ላይ ወለጋን የሚመለከት ነገር እናመጣለን። በምዕራብ ወለጋ፥ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ፥ ዩብዶ ከሚባለው ስፍራ ነጭ ወርቅ የተባለው ፕላቲኒየም ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲወጣ መኖሩን ከመካከላችን ብዙዎች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ይህ ውድ ማዕድን ከጌጥ ሌላ ትልቅ ሥራ አለው። ከመኪና ሞተርና ከማርሚታው መካከል የሚገጠም ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ፤ በውስጡ ፕላቲኒየምና ወገኖቹ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተው መርዛማውን ጋዝ ጉዳቱ ወዳነሰ ጋዝ ይለውጣሉ። ነገር ግን እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሲነድ እርሳሱ ፕላቲኒየሙን ሸፍኖ ሥራውን ያስተወዋል። ስለዚህ ይህ ዕቃ በአሜሪካ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በተገጠመ ጊዜ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን የግድ ሆነ። የጤናው ክርክር ለብዙ ዓመት ሊከፍተው ያልቻለውን በር ይህ ምክንያት ገፋው፤ የፓተርሰን ቁጥርም በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ ያዘው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1973 ዓ.ም. እርሳሱ በየጊዜው እንዲቀነስ አዘዘ፤ እስከ 1986 ዓ.ም. አብዛኛው ወጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮም በመንገድ ለሚሄድ መኪና ፈጽሞ ተከለከለ። ፍሬውም ታየ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ በአንድ ዴሲ ሊትር በአማካይ 12.8 ማይክሮግራም የነበረው እርሳስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2.8 ወረደ። የግሪንላንድም በረዶ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ባለው ጊዜ እርሳሱ 7 እጥፍ ተኩል ያህል ተቀነሰለት። በአፍሪካም መንግሥታት በ2001 ዓ.ም. በዳካር ተሰብስበው ተስማሙና፥ ኢትዮጵያ አገራችንን ጨምሮ ከሰሐራ በታች ያሉት አገሮች እስከ 2006 ዓ.ም. መባቻ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተዉ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ዓ.ም. ስታቆም ሚጅሊ የጀመረው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በዓለም መኪናዎች ሁሉ ላይ አበቃ።

ፓተርሰን ዘግይቶም ቢሆን ክብር አግኝቷል። በ1980 ዓ.ም. የጎልድሽሚት ሜዳሊያ ተሰጠው፤ በ1987 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1995 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰጠውን የታይለር ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ባለው ቤቱ አስም ተነሥቶበት በ73 ዓመቱ ዐረፈ። እርሳስ በመንገድ ላይ ፈጽሞ የተከለከለበትን ቀን ሊያይ የቀረው አንድ ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ስሙን ከሳይንስ ተማሪ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። በአንታርክቲካ ያለ አንድ ተራራና በሰማይ የምትዞር አንዲት ትንሽ ፕላኔት ግን በስሙ ተጠርተዋል።

እንግዲህ ወደ ጨለለቂ እንመለስ። የዛሬው ቤንዚን እርሳስ የለበትም፤ የጭነት መኪናው የሚሄድበት ናፍጣም ድሮም ቢሆን እርሳስ አይጨመርበትም። ይሁን እንጂ ጨርቃችን ጠቁሯል። ያረጀ ሞተር ጥላሸት ይተፋል፤ በቁልቁለት የሚያዝ ፍሬን መዳብና አንቲሞኒ ይበትናል፤ ጎማ ዚንክ ይተዋል። መንግሥታችን በ2024 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ማገዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄደውም መኪና ጎማና ፍሬን እንዳለው አንርሳ። ቀድሞ የወረደው እርሳስም በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ ብረት ስለ ሆነ አይበሰብስምና። አሮጌ ባትሪ በየጓሮው እየሰበሩ እርሳሱን ማቅለጥም ሌላ አደጋ ነው።

ይህን የሚተነፍሰው ማነው ብለን ብንቈጥር በመጀመሪያ በመናኸሪያው ዳር ቁጭ ብለው በቆሎ የሚጠብሱ እናቶች፥ በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት፥ ቀኑን ሙሉ ከመኪና የማይለዩ ረዳቶችና በመንገድ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የክበባችን አባሎች ባለፈው ዓመት የጀመርነውን በጨርቅ ብቻ አንተወውም። በየወሩ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ነጭ ጨርቅ ሰቅለን የጠቆረበትን መጠን በመዝገብ ልንጽፍ፥ ያየነውንም ለወላጆቻችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ልናስረዳ ተስማምተናል። ጨርቅ በውስጡ ያለውን ማዕድን እንደማይናገር እናውቃለን፤ ያንን ለማወቅ እንደ ፓተርሰን ያለ ንጹሕ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በዚያ ዓይነት ላቦራቶሪ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከዚሁ ትምህርት ቤት እንዲወጣ ተስፋችን ነው።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ቁጥሩ አልገጥም ባለው ጊዜ አልሰረዘውም፤ ምክንያቱን ፈለገ። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እርሱም ነገሩን ከሥሩ ያገኘው ውሃውን ከጥሩ ስለ ቀዳ ነው። ሁለተኛም፥ ያገኘውን እውነት ገንዘቡ ሲቋረጥበትና ከጉባኤ ሲገለል እንኳ አልለወጠውም። እኛ በላቦራቶሪ ክፍል የመጽሐፉን መልስ እናውቃለን ብለን የሙከራችንን ቁጥር ስንት ጊዜ አስተካክለን ጽፈናል! ዕቃውን ሳናጥብ፥ ሚዛኑን ሳንፈትሽ፥ ከጓደኛችን ደብተር ስንት ጊዜ ገልብጠናል! ፓተርሰን እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ የምድርን ዕድሜ ባላወቀ፥ የእርሳሱንም ነገር የሚያጋልጥ ንጹሕ ቁጥር ባልተገኘ ነበር።

ስለዚህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፥ በሚመጣው ዓመት ወደ ላቦራቶሪ ስንገባ አስቀድመን ብርጭቆአችንን እናጥብ፤ ያየነውንም እንዳየነው እንጻፍ።